አታንሺ

የእትዬ ወገብ የከዳት አንድ ማለዳ እናቷን ከአልጋ ወደ ዊልቸር ስታሻግር ነው። እንደ ወትሮዋ አንድ እጇን በእናቷ ብብት ሥር፣ ሌላውን በጉልበታቸው ሥር አስገብታ፣ «በይ እማዬ፣ ተያዥ» ብላ ብድግ ስታደርጋቸው ከመቀመጫዋ ከፍ ብሎ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። በጆሮዋ ትስማው በአጥንቷ አላወቀችውም። ብቻ እናቷን ደረቷ ላይ እንደታቀፈች ደርቃ ቀረች፤ ወደ ፊት መራመድም ወደ ኋላ መመለስም አልሆነላትም።

«ምነው ቆምሽ?» አሉ እናትየዋ።

«ምንም።»

«ምንም ከሆነ አስቀምጪኛ! ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ መሰልኩ እኮ።»

እትዬ ጥርሷን ነክሳ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ የአልጋውን ጠርዝ ይዛ ቀስ እያለች ተንበረከከች። ላብ በግንባሯ ይወርዳል። እናትየዋ የወደቀ ነገር የምትፈልግ መስሏቸው፣ «ምን ጠፋብሽ?» ብለው ጠየቋት።

እናትየዋ ከዓመታት በፊት ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ያላቸው ሴት ናቸው። አንደበታቸው ግን ምንም አልሆነም፤ እንዲያውም የደከመውን ጎን ሥራ ደርቦ የሚሠራ ይመስላል። እትዬም ስሟ እትዬ ሆኖ አይደለም። ታናሽ ወንድሟ አፉን የፈታው እትዬ ብሎ ነው፤ ከዚያ መጠሪያው ከቤት ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደ ሥራ ቦታ ተከትሏት ሄዶ፣ በዕድሜ የሚበልጧት ሴቶች ሳይቀሩ እትዬ ይሏታል። አላገባችም። ለምን እንዳላገባች የሚነዘንዛት ሲገኝ «ጊዜ አጣሁ» ትላለች። ሰው ይስቃል። እሷ ግን እውነቷን ነው።

ያን ዕለት ከሥራ መቅረት ነበረባት፤ አልቀረችም። «ስንቀሳቀስ ይለቀኛል» ብላ ወጣች። የምትሠራው በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ከላይ እንግዶች ምንጣፍ ላይ ይመላለሳሉ፤ ከታች እነ እትዬ በእንፋሎት ይቀቀላሉ። ማሽኖቹ አንሶላውን ጨምቀው ሲጨርሱ እርስ በርሱ እንደ ገመድ ተጠማዞ ይቆያል፤ ያንን እርጥብ ጉድ ከማሽኑ ሆድ ጎትቶ ማውጣትና ጋሪ ላይ መጫን የእትዬ ድርሻ ነው። ጠዋት እናቷን አንስታ ትመጣለች፤ ቀን አንሶላ ስታነሳ ትውላለች፤ ማታ ተመልሳ እናቷን ታነሳለች። ዕድሜዋ እንዲህ እያለ ነበር የሄደው።

የመጀመሪያውን ማሽን ከፍታ ጎንበስ እንዳለች፣ ከዳሌዋ የተነሳ የጋለ ሽቦ የመሰለ ሕመም በጭኗ ጀርባ ቁልቁል ወርዶ እስከ ትንሿ የእግር ጣቷ ደረሰ። እግሯ ከሥሯ ጠፋ። ክንዶቿ አንሶላ ውስጥ እንደተቀበሩ፣ ጉንጯ የማሽኑ አፍ ላይ ተለጥፎ ቀረች።

የደረሰችላት ጠጋኟ ናት። ጠጋኟ ጥግ ላይ ተቀምጣ የተቀደደ አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ የምትጥፍ፣ ሐዘን ቤትም ቢሆን ሳትቀልድ የማትወጣ ሴት ናት። እትዬን ለማቆም ሞከረች፤ አልቆመችም። ለማስቀመጥ ሞከረች፤ እትዬ ጮኸች። በመጨረሻ ሌሎቹን ጠርታ የአንሶላ ጋሪ ላይ በሆዷ አስተኟትና ወደ አሳንሰሩ ገፏት።

«ንጹሕ ነሽ ቆሻሻ?» አለቻት ጠጋኟ ጋሪውን እየገፋች። «በየትኛው በር ላውጣሽ?»

እትዬ ሳቀች፤ ሳቁ ራሱ ወገቧን ወጋትና አለቀሰች።

*

ሐኪሙ ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። እግሯን ቀና አድርጎ እያነሳ «እዚህ ጋ?» ይላል፤ እሷ ጣሪያውን ትቧጥጣለች። በጣቶቿ እንድትቆም፣ በተረከዟ እንድትሄድ አደረጋት፤ ጉልበቷንና ቁርጭምጭሚቷን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገ። ኤምአርአይ ከተነሳች በኋላም ምስሉን መብራት ላይ ሰቅሎ አሳያት።

«አዩ፣ በአጥንቶቹ መሃል ያሉት እነዚህ ትራሶች ናቸው። ይሄኛው ተቀዷል። ውስጡ ያለው ለስላሳ ነገር አፈትልኮ ወጥቶ ወደ እግርዎ የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖታል። ዲስክ መንሸራተት የሚባለው ይህ ነው። ሕመሙ እግርዎ ላይ ይሰማ እንጂ ጥፋቱ ወገብዎ ላይ ነው።»

«ታዲያ ቅደዱና አውጡልኝ» አለች እትዬ። ስትመጣ ያሰበችው ይህንኑ ነው። ተኝታ፣ ተቀድዳ፣ ተሰፍታ፣ ተነስታ ወደ ሥራዋ።

«ኦፕራሲዮን የትም አይሄድብንም፤ ካስፈለገ አለ። ነገር ግን እግርዎ ጉልበት አለው። እንዲህ ያለ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቢላዋ ይተዋል። አፈትልኮ የወጣውን ነገር ሰውነት ራሱ ቀስ እያለ ይመጥጠዋል። ጊዜ ይፈልጋል እንጂ።»

«ምን ያህል ጊዜ?»

«ሳምንታት። ወራትም ሊሆን ይችላል።»

«መድኃኒቱስ?»

«የሚያስታግስዎትን እጽፍልዎታለሁ። ፊዚዮቴራፒ ይሄዳሉ። በእግርዎ ትንሽ ትንሽ ይራመዳሉ፤ አልጋ ላይ ቀኑን ሙሉ መዋል አይጠቅምዎትም። ሽንትዎን መቆጣጠር ካቃተዎ፣ መቀመጫዎ አካባቢ ከደነዘዘዎ፣ ወይም እግርዎ እየሰነፈ ከመጣ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ይምጡ። ያኔ ነገሩ ሌላ ነው።» ብዕሩን አነሳ። «ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ከባድ ነገር እንዳያነሱ።»

እትዬ ሳቅ አለች።

«ምነው?»

«እናቴን ማን ያነሳታል?»

ሐኪሙ ብዕሩን መልሶ አስቀመጠ። «እሱን እኔ ልጽፍልዎት አልችልም» አላት።

*

ወንድሟ ማሙሽ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። የቤቱ በር ላይ ሲቆም ብርሃን የሚጋርድ፣ ክንዱ የሰው ጭን የሚያክል ሰውዬ፣ ዛሬም ማሙሽ ነው። ሲመጣ ፍራፍሬ በፌስታል አንጠልጥሎ ይመጣል፤ እናቱን ግንባራቸውን ይስማል፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያንቀላፋል፤ ሲነቃ ይሄዳል። እትዬ ክፉ ሰው ነው ብላ አታውቅም። እንግዳ ነው ብላ ነው የያዘችው።

ከሐኪም ቤት ስትወጣ ግድግዳ ተደግፋ ደወለችለት።

«የት ነህ?»

«መንገድ ላይ ነኝ። ምነው እትዬ፣ እማዬ ምን ሆነች?»

«እማዬ ደህና ናት።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው የደወልሽው?»

እትዬ ለራሷ ብላ ደውላለት እንደማታውቅ ያን ጊዜ ገባት። «ና» አለች በመጨረሻ፤ «አልቻልኩም፣ ና።»

ጠጋኟ ያን ዕለት እናትየዋን ስታገላብጥ አመሸች፤ በማግስቱ ማሙሽ መኪናውን ለተለዋጭ ሹፌር አስረክቦ፣ ሻንጣውን ይዞ ደረሰ። ጉዳዩን ሲሰማ እጅጌውን ሰበሰበና ወደ እናቱ ሄደ። እናትየዋ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ስበው ጠበቁት።

«ወንድ ልጅ አያጥበኝም!»

«ማን ሊያጥብሽ አለ? ላነሳሽ ነው።»

«እሱም ቢሆን! ራቁቴን ልታየኝ ነው?»

«ዓይኔን እጨፍናለሁ።»

«ጨፍነህ ከግድግዳ ልታላትመኝ!»

ብዙ ተከራክረው ተስማሙ። ማሙሽ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ያነሳል፤ እትዬ ቆማ በባለ ረጅም እጀታ ስፖንጅ ታጥባለች፤ ገላቸውን የሚሸፍነውን ጨርቅ እናትየዋ በደህናው እጃቸው ይይዛሉ። መጀመሪያ ሰሞን ሦስቱም ጭጭ ብለው ነበር የሚሠሩት። ኋላ ማሙሽ ዝምታው ከበደው መሰለኝ፣ እናቱን ባነሳ ቁጥር እንደ ሞተር ማጓራት ጀመረ። «ተሳፋሪዎች ተዘጋጁ» ይላል። «ዳገት ነው፣ ማርሽ ልቀንስ ነው» ይላል። ዊልቸሩ ላይ ሲያስቀምጣቸው በአፉ «ፍሽሽ» እያለ ፍሬን ይይዛል።

እናትየዋ ሳቁ።

እትዬ በሚቀጥለው ክፍል ወለሉ ላይ በተነጠፈ ፍራሽ በሆዷ ተኝታ የታዘዘችውን እንቅስቃሴ እየሠራች ነበር። ሳቁን ስትሰማ ክንዶቿ ዛሉና ደረቷ ፍራሹ ላይ ዘጭ አለ። ከእናቷ አፍ እንዲህ ያለ ሳቅ መቼ እንደሰማች ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። ስንት ዓመት ያጠበች፣ ያጎረሰች፣ ያገላበጠች እሷ፤ ሳቁ ለትናንት መጪ። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደስ አላላትም። ሆድ ባሳት፤ ሆድ ስለባሳት ደግሞ አፈረች።

*

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ቃል የምትቆጥብ ወጣት ናት። ሰው ሲያቃስት አትደነግጥም፤ አትቸኩልም። የመጀመሪያ ቀን እትዬን በሆዷ አስተኝታ፣ በክርኗ ተደግፋ ደረቷን ቀና እንድታደርግ አዘዘቻት።

«ሕመሙ አሁን የት ድረስ ይሄዳል?»

«እስከ ትንሿ ጣቴ።»

«ይህን ሲሠሩ ወደ ላይ ከሸሸ፣ ባትዎን ለቆ ጭንዎ ላይ፣ ጭንዎን ለቆ ወገብዎ ላይ ከተሰበሰበ፣ ጥሩ ምልክት ነው። ወገብዎ ላይ ትንሽ ቢብስብዎት አይደንግጡ። ወደ ታች ከወረደ ግን ያቁሙና ይንገሩኝ።»

«እሺ። ከዚያስ?»

«ከዚያማ በየቀኑ መሥራት ነው።»

ይኸው ነበር ሁሉ ነገር። እትዬ ሕመም እንደማያልፍላት የተረዳችው ሥቃይ ስለበዛባት አይደለም፤ ነገሩ ስለሚደጋገም ነው። ተነስታ መተኛት፣ ተኝታ መነሳት። ስትነሳ እንደ ድሮው ብድግ ማለት የለም፤ በጎን ተገልብጦ፣ እግርን ከአልጋ አውርዶ፣ በክንድ ገፍቶ። ካልሲ ማጥለቅ የግማሽ ማለዳ ሥራ ሆነ። ስታስነጥስ ግድግዳ ትይዛለች። መቀመጥ ከሁሉ ይብስባታል፤ ስለዚህ ቆማ ትበላለች። ማስታገሻው አፏን ያደርቃል፤ ሕመሙን ግን አያጠፋውም፤ ሌላ ክፍል ውስጥ ሆኖ የሚጮህ ያደርገዋል።

ጠያቂ አይጠፋም። እያንዳንዱ ጠያቂ አንድ መድኃኒትና አንድ የሞተ ዘመድ ይዞ ይመጣል። አንዷ ጣውላ ላይ ተኚ ትላለች፤ አንዱ በሙቅ ዘይት ታሺ ይላል፤ ሌላዋ አጎቷ በዚሁ ሰበብ እንዴት አልጋ ላይ እንደቀሩ ተርካ ትሄዳለች። ማሙሽ ራሱ አንድ ቀን፣ «በመንገዴ ላይ የማውቀው ወጌሻ አለ፤ በሆድሽ አስተኝቶ በተረከዙ አንዴ ረገጥ ነው የሚያደርግሽ» አላት።

«ሂድና አንተ ተረገጥለት» አለችው።

በእግሯ መሄዱን ግን አልተወችም። መጀመሪያ የሄደችው በራቸው አጠገብ እስካለው መስታወት ቤት ነው። ደጁ ላይ ለሽያጭ የተደረደሩት መስታወቶች ውስጥ፣ ላይኛው ገላዋ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ያለ፣ በነፋስ የተገፋ አጥር የመሰለች ሴት አየች። ራሷ መሆኗን እስክታውቅ ትንሽ ቆየች። ሰውነት ነርቩን ለማዳን ብሎ ራሱ እንደሚያጋድል ባለሙያዋ ነግራት ነበር፤ ቢሆንም ዓይኗን ከመስታወቱ አንስታ ተመለሰች። በሚቀጥሉት ቀናት በመስታወት ቤቱ በኩል ስታልፍ ወደ መንገዱ ማዶ ታያለች። ቀስ በቀስ ፋርማሲው ድረስ፣ ከፋርማሲው ቁልፍ ቀራጩ ድረስ ደረሰች። የባቷ ሕመም አንዳንድ ቀን ጭኗ ላይ ያድራል። እየዳነች መሰላት።

ያን ጊዜ አለቃዋ ደወለላት። ሆቴሉ ስብሰባ አለበት፣ ክፍሎቹ ሞልተዋል፣ ሰው የለም። «ቀላል ቀላሉን ትሠሪያለሽ» አላት። እትዬ ለባለሙያዋም ለወንድሟም ሳትናገር ሄደች። ቀላል ቀላሉ እስከ ረፋዱ ቆየ። ከዚያ ማሽኑ ጨርሶ ጮኸ፤ አጠገቡ ማንም አልነበረም፤ እጇ ከልምዱ የተነሳ ሳያማክራት በሩን ከፈተ።

ጠጋኟ ስትደርስ እትዬ ወለሉ ላይ ነበረች። በዚህ ጊዜ ጠጋኟም አልቀለደች።

*

ሕመሙ እንዳለ ተመልሶ መጣ፤ ትንሿ ጣቷ ጭራሽ ደነዘዘች። እትዬ ወደ ሐኪሙ ሄዳ ወንበሩን ትታ ቆማ ተናገረች።

«በቃኝ። ቅደዱኝ።»

ሐኪሙ እንደገና መረመራት። በተረከዟ አስኬዳት፣ በጣቶቿ አቆማት። «ጉልበትዎ አሁንም አልከዳዎትም» አላት። «አስቸኳይ አይደለም። ነገር ግን ብዙ ተሰቃይተዋል፤ ኦፕራሲዮኑን መምረጥ መብትዎ ነው፣ እኔም አልከለክልዎትም። ቢደረግልዎ የእግሩ ሕመም ቶሎ ሊቀልዎት ይችላል። ቢታገሱም ብዙዎች ሲደርሱ እዚያው ነው የሚደርሱት። አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎት። ቀደድንዎትም አልቀደድንዎትም፣ ተመልሰው ያንኑ የሚያነሱ ከሆነ ሌላው ትራስም ይቀደዳል።»

«ቀጠሮ ይያዝልኝ» አለች።

ተያዘላት።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ማሙሽ መድኃኒት ሊገዛ ወጥቶ ዘገየ። ዝናብ ይዞት ይሁን ወሬ አልታወቀም። እናትየዋ ከክፍላቸው ተጣሩ።

«ማሙሽ!»

«ገና አልመጣም» አለች እትዬ።

ትንሽ ቆይተው እንደገና፣ በተለየ ድምፅ፣ «ማሙሽ!» አሉ። እትዬ ድምፁን ታውቀዋለች። ግድግዳውን ይዛ ሄደች። እናትየዋ ከንፈራቸውን ነክሰው ጣሪያውን ያያሉ። ፖፖው አልጋው ሥር ነው። እትዬ ፖፖውን በእግሯ ገፋ አድርጋ አወጣችውና፣ ለማንሳት እንደ ድሮዋ አንድ እጇን በእናቷ ብብት ሥር ሰደደች።

እናትየዋ በደህናው እጃቸው እጇን በጥፊ መቱት።

«አትንኪኝ!»

«እማዬ፣ ያመልጥሻል እኮ!»

«ያምልጠኝ! አትንኪኝ አልኩሽ! ከነካሽኝ እጮሃለሁ!»

«አንዴ ብቻ፣ ቀስ ብዬ...»

«አንሶላ ይታጠባል» አሉ እናትየዋ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። «አንቺ አትታጠቢም። ሂጂ ወዲያ።»

የእትዬ እጅ በአየር ላይ ቀረ። ከዚያ የሆነው ሆነ። እናትየዋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በመጨረሻ እናትየዋ በቀጭን ድምፅ፣ «አንሶላ ማጠብ ሥራሽ አይደል?» አሉ።

«ነው እንጂ።»

«እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ?»

እትዬ ንጹሕ አንሶላ አመጣች። እንዴት እንደምትቀይረው ግን ግራ ገባት፤ እስከዛሬ አንሶላ የምትቀይረው እናቷን አንስታ ዊልቸሩ ላይ ካስቀመጠች በኋላ ነው። ጎንበስ ማለት አትችል፣ ማንሳት አትችል። አልጋው ጠርዝ ላይ ቆማ ስታስብ፣ እናትየዋ ደህናውን እጃቸውን ዘርግተው የአልጋውን ራስጌ ብረት ጨበጡ። ደህናውን እግራቸውን በደካማው ሥር አስገብተው ጎተቱት። እህ ብለው፣ ደግመው እህ ብለው፣ በጎናቸው ተገለበጡ። ከጀርባቸው ያለው የአልጋው ግማሽ ባዶ ሆነ። እትዬ እርጥቡን ጠቅልላ፣ ደረቁን ዘረጋችበት። እናትየዋ ተመልሰው ወደ ደረቁ ተንከባለሉ፤ ትንፋሻቸው ቁና ቁና ይላል።

እትዬ አፏን ይዛ ቀረች።

«ይሄን ከመቼ ጀምሮ ነው የምትችይው?»

«እኔ ምን አውቄ! ሞክሬው አላውቅ።»

«ለምን አልሞከርሽም?»

«መቼ ልሞክር? ማለዳ ጫማሽን ሳታስሪ ትመጪና ብድግ ታደርጊኛለሽ። እኔማ እጄን አንገትሽ ላይ ጣል ማድረግ ነው።» ትንሽ አረፉና ቀጠሉ። «ደግሞ ስታነሽኝ ደስ ይለኛል። ትንፋሽሽን እሰማለሁ። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ማን ይጠጋኛል? መክበዴን ሳላውቅ ቀርቼ መሰለሽ? አውቃለሁ። ዝም አልኩ።»

እትዬ አልጋው ላይ መቀመጥ ፈለገች፤ መቀመጥ አይሆንላትም። ስለዚህ ከእናቷ አጠገብ፣ ደረቁ አንሶላ ላይ፣ በጎኗ ቀስ ብላ ጋደም አለች።

«ከማሙሽ ጋር ግን ትስቂያለሽ» አለች እትዬ። መናገር አልፈለገችም፤ አመለጣት።

«እሱ እንግዳ ነው። ለእንግዳ ይሳቃል።» እናትየዋ እጃቸውን ፈልገው ክንዷ ላይ አሳረፉት። «የማለቅሰው አንቺ ጋ አይደል?»

ማሙሽ በዝናብ በስብሶ ሲገባ ሁለቱም አንድ አልጋ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው አገኛቸው። ወለሉ ላይ የተጠቀለለውን አንሶላ አይቶ ነገሩ ገባው። ሳያስነሳቸው አንሶላውን ይዞ ወጣና ራሱ አጠበው፤ ሲያጠብ የሳሙናውን ግማሽ ጨረሰው።

*

እትዬ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ባለሙያዋ ስትሄድ ስለ ራሷ ሳይሆን ስለ እናቷ ጠየቀች። ባለሙያዋ ቤት መጥታ እናትየዋን አየቻቸው፤ ደህናውን እጅና እግር አስገፋቻቸው፣ አስጎተተቻቸው። ከአልጋ ወደ ዊልቸር በላዩ የሚንሸራተቱበት ለስላሳ ጣውላ እንዲሠራላቸው ነገረቻቸው። ማሙሽ አናጺ ዘንድ ሄዶ አሠርቶ፣ እንዳይሻክር በብርጭቆ ወረቀት ራሱ ፈትጎ አመጣው። የመጀመሪያው ሙከራ አላማረም። እናትየዋ ግማሽ መንገድ ላይ ተሰንቅረው፣ ጣውላውንም አናጺውንም ልጃቸውንም አንድ ላይ ሰደቧቸው። ሁለተኛውም ያው ነበር። ኋላ ግን መላው ተገኘ። ማሙሽ ከፊት ቆሞ ጉልበታቸውን ይደግፋል፤ እሳቸው በእጃቸው እየገፉ ይንሸራተታሉ። የሚያነሳቸው ሰው አላስፈለገም።

እትዬ በዚያ ሁሉ ጊዜ እንቅስቃሴዋን ጠዋትና ማታ ሠራች። ተስፋ አድርጋ አይደለም። ተስፋ ለማድረግም ጉልበት ይጠይቃል። ብቻ ሌላ የምታደርገው ስላልነበራት፣ ማልዳ ወለሉ ላይ ትወርዳለች፣ በክንዶቿ ትገፋለች፣ ታርፋለች፣ ትገፋለች። በእግሯ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። አንዳንድ ሳምንት ምንም ለውጥ የለም፤ አንዳንዱ ወደ ኋላ ይመልሳታል። አንድ ቀን ታዲያ ቁልፍ ቀራጩ ጋ ደርሳ ስትመለስ ባቷን ሳታስበው መቆየቷን አወቀች። ሕመሙ ጠፍቶ አይደለም፤ ወገቧ ላይ ተሰብስቦ፣ እንደ አሮጌ ጥርስ ይጠዘጥዛል። የሚወርደው ሽቦ ግን የለም። ለማንም አልተናገረችም፤ ሕመሙ ሰምቶ እንዳይመለስባት ፈርታ።

የኦፕራሲዮኑ ቀጠሮ ሲቃረብ ወደ ሐኪሙ ሄደች። ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ መቀመጧን ሐኪሙ ልብ አለ።

«ቀጠሮውን ለሌላ ሰው ስጡት» አለች።

ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት። «ጣትዎ?»

«አሁንም ደንዝዛለች።»

«እሷ ልትዘገይ ትችላለች። እንዲያውም እንዲሁ ልትቀር ትችላለች።»

«ትቅር» አለች እትዬ። «ትንሽ ናት።»

እንዲህ ሆኖ እትዬ ሳትቀደድ ቀረች። ድና እንደ ድሮዋ ሆነች ቢባል ግን ውሸት ነው። ብዙ ከቆመች ይደክማታል፤ ረጅም መንገድ በመኪና ከሄደች ስትወርድ የሚደግፋት ትፈልጋለች። ሥራዋን ቀይረውላት አሁን የምትውለው ማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ፣ ከጠጋኟ ማዶ ነው፤ ደረቅ ፎጣ ታጥፋለች፣ የጠጋኟን ወሬ ትሰማለች። ማሽኑ ጨርሶ ሲጮህ እግሯ ሊነሳ ይቃጣዋል፤ ጠጋኟ ከመርፌዋ ቀና ሳትል «ተቀመጪ!» ትላታለች።

ማሙሽ ረጅሙን መንገድ ትቶ በከተማው ዙሪያ የሚያመላልስ የጭነት ሥራ ያዘ። ደስ ብሎት አይደለም። ሩቁን መንገድ ይናፍቃል፤ አንዳንዴ መስኮቱ ላይ ቆሞ መንገዱን ያያል። እትዬ ታየዋለች። ሲመረው ይቆጣል፣ በር ያላትማል፣ ተመልሶ ይገባል። የደከመው ሰው አንድ የነበረበት ቤት አሁን ሁለት የደከማቸው አሉበት፤ ልዩነቱ፣ አንዱ ሲተኛ አንዱ ይነሳል።

አንድ የዕረፍት ቀን ከምሳ በኋላ እትዬ ፍራሿ ላይ በጎኗ ተጋድማ፣ በጉልበቶቿ መሃል ትራስ አስገብታ ነበር። ከሚቀጥለው ክፍል ድምፅ ይመጣል።

«ጣውላውን አጣመምከው!» ይላሉ እናትየዋ።

«አልተጣመመም።»

«ተጣሟል! እትዬን ጥራት፣ እሷ ታውቃለች።»

«ተኝታለች።»

ጣውላው ወለሉ ላይ ተንኳኳ።

«እንግዲያው ተዋት» አሉ እናትየዋ። «ና፣ እኔና አንተ እናቃናው።»

እትዬ ሰምታ ነበር። ልትነሳ አሰበች፤ ክንዷም ፍራሹን ገፋ ለማድረግ ተዘጋጅቶ ነበር። አልተነሳችም። የጣውላው መንኳኳትና የወንድሟ ማጓራት እየራቀባት ሄደና እንቅልፍ ወሰዳት።